ጀልባ ውስጥ ያደረው ሙሽራ

ዓርብ ማታ የውል አዋዋዩ የዶን ጋስፓሬ ልጅ ኦርሶላ ከዓሣ አጥማጁ ከሳሮ ጋር ኮበለለች። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይህን ያልሰማ ሰው በከተማችን በካላሙራ ከነበረ መቃብር ውስጥ ያለ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አላምነውም።

ኩብለላ ስል ጠለፋ እንዳይመስላችሁ። እኛ ሲሲሊዎች ጠለፋንም እናውቀዋለን፤ ያ ግን ወንጀል ነው። ኩብለላ ሁለት ተዋዳጆች ቤተሰብ እንቢ ሲላቸው የሚያደርጉት ነው። አንድ ሌሊት ይጠፋሉ። ሲመለሱ የልጅቷ አባት ይጮሃል፣ እናቷ ደረቷን ትደቃለች፣ ከዚያ ሁሉም ይበርዳል። ምን ሊባል ነው? ከወንድ ጋር ውጭ ያደረችን ልጅ ሌላ ሰው አያገባትም፤ ስለዚህ አባትየው ወደደም ጠላም ይድራል። ሠርጉ ግን ሠርግ አይባልም። ጎህ ሳይቀድ በካቴድራሉ የጎን በር አስገብተው፣ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ቄሱ ቶሎ ቶሎ ይባርኳቸዋል። ነጭ ልብስ የለም፣ ኦርጋን የለም፣ ደወል የለም። የድሃ ልጆች ከጥንት ጀምሮ ሲያደርጉት ኖረዋል። ከውል አዋዋይ ቤት ግን ይህ ጉድ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ከካቴድራሉ ጀርባ ያለው የባሕር ዳርቻ ጭር ያለ ነው፤ አሸዋው ላይ ጥቂት ጀልባዎችና የመረብ ማኖሪያ ጎጆ እንጂ ሌላ የለም። ኦርሶላ የሳሮን ካፖርት ለብሳ ጎጆው ውስጥ አደረች። ሳሮ ግን ውጭ፣ ጀልባው ውስጥ ተኛ። «ና ግባ እንጂ፣ ይበርድሃል። ለነገሩ ማንም አያምነንም» ብላው ነበር። «ማንም ባያምን እኔ አውቀዋለሁ» አላት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲታወቅም አይፈለግም። የኩብለላ ጉልበቱ እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ «ሆኗል» ብሎ እስካመነ ድረስ አባት ይሸነፋል።

ጠዋት ኦርሶላ ከጎጆው ወጥታ ፀጉሯን በጣቶቿ ስታበጥር፣ ሳሮ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጀልባውን ወደ ደረቁ እየጎተተ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየቱ ነው ጉድ የሠራት። ዓሣ ይዞ በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ ሁልጊዜ እንዲያ ያያት ነበር፤ ቤታቸው ዓሣ የማይበላበት ቀን እስኪጠፋ ድረስ።

«ሳሮ፣ ቤት ከመሄዳችን በፊት ካቴድራል እንግባ» አለችው።

«በዚህ ልብሴ? ጫማም የለኝ።»

«ጌታ ጫማህን አያይም።»

«ጌታ ባያይ የሰፈርሽ ሴቶች ያዩታል።»

ሳቀች። እጁን ይዛ የድንጋዩን ደረጃ እያስሮጠች አወጣችው። ትልቁ በር ክፍት ነበር። ከጨለማው ውስጥ፣ ከመሠዊያው በላይ፣ የጥንት ሰዎች በወርቃማ ጠጠር የሠሩት የጌታ ሥዕል በትላልቅ ዓይኖቹ ያያል። ኦርሶላ በዚህ በር ታዝላ ገብታ ክርስትና ተነሥታለች። በዚህ በር ነጭ ለብሳ መጀመሪያ ቆርባለች። ደፉን ልትረግጥ ስትል መጥረጊያ መንገዷን ዘጋው።

ሜና ነበረች፤ ካቴድራሉን የምትጠርገው ሴትዮ።

«ወዴት ናችሁ?»

«ልንሳለም ነው ሜና፣ አሳልፊን።»

«በዚህ አይደለም። የኮበለለ እስኪጋባ ድረስ በጎን በር ነው የሚገባው። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም። እናቴም በዚያ ነው የገባችው፣ እኔም በዚያ።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ ኦርሶላ!»

«ምነው፣ አላወቅሁሽም? ትናንት የዶን ጋስፓሬ ልጅ ነበርሽ። ዛሬ እንደኛው ሆነሻል። እንኳን ደህና መጣሽ።»

ሜና ክፋት አልነበራትም፤ እንዲያውም ለሷ ቀልድ ነበር። ግን ይህኔ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ከእህቷ ጋር ከገበያ እየመጣች ኖሮ ደረጃው ሥር ቆማ ታያለች። ኦርሶላን አየች፣ ከዚያ የተያያዙትን እጆች አየች፣ ከዚያ የሳሮን እግር አየች። ኦርሶላም ዓይኗ የሴትዮዋን ዓይን ተከትሎ ወረደ። አሸዋ የለበሰ ባዶ እግር፤ እጅጌው ላይ ደርቆ የተጣበቀ የዓሣ ቅርፊት። ፊቷ ጋለ፤ እጁን ለቀቀችው።

ይኸው ነው። ለቅጽበት ነው የሆነው። ሳሮ የተለቀቀውን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ነይ፣ ወደ አባትሽ እንሂድ» አለ በቀስታ፣ እሷን ሳያይ። እስከ ቤቷ ድረስ አብረው ሄዱ፤ ኦርሶላ ያን እጅ መልሳ ልትይዘው ፈልጋ፣ ድፍረቱን አጣች።

ዶን ጋስፓሬ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ልጃቸውን «እናትሽ ጋ ውጪ» ብለው ወደ ላይ ሰደዷት፤ ሳሮን ምድር ቤት ወዳለው ቢሯቸው አስገቡትና በሩን ዘጉ። ኦርሶላ ከላይ ሆና ጆሮዋን ወለሉ ላይ ልትጥል ምንም አልቀራት። የአባቷ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ዝቅ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ከባዕድ ሰው ጋር ሲሆኑ የሚናገሩበት ድምፅ።

እናቷ ዶና ኤርሲሊያ ሣጥኑን ከፍተው የሠርግ ልብሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተውታል። ዳንቴሉን አያትየው ናቸው የሠሩት፤ ዶና ኤርሲሊያም ተድረውበታል።

«ለማን ላስቀምጠው?» አሉ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ለማን ላስቀምጠው? በዕቃ ቤት፣ በሻማ ብርሃን፣ እንደ ሌባ! ለዚህ ነው ያሳደግሁሽ?»

«እማዬ፣ እወደዋለሁ።»

«እኔ ወደድሽው አልወደድሽው ብዬ ጠየቅሁሽ? እኔም አፍቅሬ ነው ያገባሁት። ግን በትልቁ በር ነው የገባሁት።»

ልብሱን አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ መለሱት። ለኦርሶላ ልብሱ ሳይሆን ራሷ የተቀበረች መሰላት።

ዶን ጋስፓሬ ወደ ላይ ወጡ። ልጃቸውን ሳይሆን መስኮቱን እያዩ «ሰኞ ጎህ ሲቀድ» አሉ። «አባ ሊቦሪዮ ተነግሯቸዋል። ደወልም ጥሪም የለም።» ተመልሰው ወረዱ።

ኦርሶላ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ሳሮ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። ሁልጊዜ እዚህ ሲደርስ ቀና ይል ነበር፤ ዛሬ አንገቱን እንደ ደፋ አለፈ። ያሸነፈው እሱ ነው። የፈለገው ሁሉ ሰኞ ይፈጸማል። ታዲያ ለምን እንደ ተሸነፈ ይሄዳል? መልሱን ታውቀዋለች። ስለምታውቀው መስኮቱን ዘጋችና ከመስኮቱ ሥር ቁጭ አለች።

ከሰዓት በኋላ ሳሮ ካቴድራል ገባ፤ በጎን በር። አባ ሊቦሪዮ ከመቅረዙ ላይ ሰም እየፋቁ ነበር።

«ይባርኩኝ አባ።»

«ይባርክህ። ስለ ሰኞ ከሆነ ሁሉም ተነግሮኛል። አንተ ጫማ አድርገህ ና ብቻ።»

«ስለ ሰኞ ነው። ሰኞ ይቅር።»

አባ ሊቦሪዮ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ምን አልክ?»

«አልነካኋትም። እሷ ጎጆው ውስጥ፣ እኔ ጀልባው ውስጥ ነው ያደርነው።»

«ይህ ኑዛዜ ነው?»

«ኑዛዜ ከሆነማ እርስዎ ጋ ይቀራል። ለዶን ጋስፓሬ ይንገሩልኝ። ከተማውም ይስማ። ካላመኑኝ ጌታ ሥር እምላለሁ።» እሺታቸውን ሳይጠብቅ ሄዶ ከዚያ ከወርቃማው ጌታ ሥር ቆመና እጁን አነሣ። ካላሙራ ውስጥ እዚያ ቆሞ የዋሸ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ደፋሩ ሌባም እንኳ ቦታውን ይሸሸዋል።

አባ ሊቦሪዮ ምሎ እስኪያበቃ ጠበቁት። ከዚያ ሽማግሌ ቄስ በማይናገረው ቃል ሰደቡት።

«ያንን ሰውዬ እጁን ጠምዝዘህ ነው ያሸነፍከው! አሁን ልትለቅለት ነው? አመስግኖህ በሩን ነው የሚዘጋብህ። ለልጅቷም እስከ ፋሲካ ሌላ ይፈልግላታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ ጠዋት በር ላይ ፊቷን አየሁት አባ። እኔ ሚስት ነው የፈለግሁት። አንገቷን ደፍታ የምትኖር ሴት አምጥቼ ምን ላደርጋት ነው? በትልቁ በር ትግባ። ከሌላ ሰው ጋርም ቢሆን ትግባ።»

«ወንዱስ ምን ይልሃል? ልጅ አስኮብልሎ ጀልባ ላይ ለተኛ ወንድ ይህች ከተማ ምሕረት የላትም።»

«ይበል» አለ ሳሮ።

ይበል ማለት ቀላል ነው። አባ ሊቦሪዮ ከዶን ጋስፓሬ ቤት ሳይወጡ ወሬው ፀጉር ቤት ደርሶ ነበር። ሳሮ በዚያ ሲያልፍ መላጩም ተላጩም አረፋቸውን ይዘው በር ላይ ወጡ።

«አባ ሳሮ፣ ይባርኩን!»

«ሌሊቱን ስንት ዳዊት ደገምክ?»

«ዓሣዋ ከመረቡ ወጥታ በእግሯ ቤቷ ገባች አሉ!»

ሳሮ አልመለሰም። ቤቱ ሲገባም እናቱ አጋታ መስኮቱን ዘግታ ጠበቀችው። «አባትህ እኔን ሲያስኮበልል ዝናብ ነበር» አለችው። «ጀልባም ነበረን። አልተኛበትም። አሁን በየት በኩል ገበያ ልውጣ?» ራቱን ግን አቀረበችለት። አልበላም፤ ያለፈበት ሳቅ ሁሉ ጆሮው ውስጥ ነበርና።

ዶን ጋስፓሬ በዚያን ሰዓት ልጃቸው ክፍል ገቡ። ፊታቸው በአንድ ቀን የተሸከመውን እርጅና አራግፎ ነበር።

«ልጄ» አሏት፤ ከትናንት ወዲህ በዚህ ስም አልጠሯትም ነበር። «ተነሺ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልጠበቅሁም፤ ግን ጨዋ ነው። ሁሉንም ተናግሯል። መልሶሻል።»

«መለሰኝ?»

«እንዳለሽ መለሰሽ። ነጻ ነሽ። ነገ በትልቁ በር እንገባለን፣ ሰው ሁሉ እያየ።»

ዶና ኤርሲሊያ እያለቀሱ ሳሟት፤ ልብሱንም እንደገና ከሣጥን አውጥተው አየር እንዲያገኘው ሰቀሉት። በዚያው አፋቸው ስለ አንድ የፓሌርሞ ጠበቃ ማውራት ጀመሩ። ኦርሶላ አልሰማቻቸውም። መልሶሻል የሚለው ቃል ብቻ ነበር የሚሰማት። ከጎረቤት ተውሰውት ታጥቦ እንደሚመለስ ሰሐን መለሳት። ማፈሯን አይቶ፣ ለአንድ አፍታ ማፈሯን አይቶ፣ አልፈልግሽም አላት። ደግሞስ ምን ልትለው ትችላለች? እውነት ነው፤ አፍራበታለች። ትራሱን ነክሳ አለቀሰች።

እሑድ ጠዋት፣ ቤተሰቡ ለቅዳሴ ሲለብስ፣ ኦርሶላ በአትክልቱ በኩል ወጥታ ወደ ባሕሩ ወረደች። ሳሮ የክት ልብሱን ለብሶ፣ የተገለበጠው ጀልባ ላይ ቁጭ ብሏል። የክት ጫማው ስለሚጠበው አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል።

«ለምን መለስከኝ?»

«መጀመሪያ ደህና አደርህ በይ።»

«አትቀልድብኝ! ለምን መለስከኝ ነው የምልህ!»

«ነጻ እንድትሆኚ።»

«ማን ነጻ አውጣኝ አለህ? ጠየቅኸኝ? አባቴ ሳይጠይቀኝ ሊድረኝ ነበር፣ አንተ ሳትጠይቀኝ ፈታኸኝ። በምንድነው የምትለያዩት?»

ሳሮ ባሕሩን አየ። ማዕበል አልነበረም፤ ውኃው አሸዋውን እየነካ ይመለሳል። «እጄን ለቀቅሽው» አላት።

ኦርሶላ ውሸቱ ተዘጋጅቶላት ነበር። ደንግጬ ነው ልትል ትችላለች። ልብሴን ላስተካክል ነው ልትል ትችላለች። ሳሮም ያምናት ነበር፤ ሊያምናት ፈልጎ ፊቷን ያያል። ያ ፊቱ ነው ውሸቱን ከአፏ የመለሰው።

«አዎ» አለች። «አፈርኩብህ። ባዶ እግርህን ነበርክ፣ እጅጌህ ላይ ቅርፊት ነበር። ያቺ ሴትዮ ስታየን፣ አንተን ይዤ መታየት አሳፈረኝ። ለቅጽበት ነው ሳሮ። ከዚያ ወዲህ ራሴን መስታወት ውስጥ ማየት አቅቶኛል።»

ቢቆጣ ደስ ይላት ነበር። ሳሮ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ የጠበቀውን ነገር የሰማ ሰው ይመስላል።

«እንግዲያው ደግ አደረግሁ» አለ። «ትናንት ለቅጽበት ነው። ከተጋባን በኋላ ግን በየገበያው፣ በየሰው ቤቱ እንዲሁ ለቅጽበት ይሆናል። እኔ ነገም ዓሣ ነው የማጠምደው። ባንቺ አልፈርድም። እኔም ያን ጊዜ እግሬን ሳየው አፍሬበታለሁ።»

«ሳሮ…»

«ሂጂ አሁን። ቅዳሴ ሊገባ ነው፤ አባትሽ ይጠብቁሻል።»

እጁ ጀልባው ላይ ነበር፤ አንድ ክንድ እንኳ አይርቃትም። ልትይዘው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። እዚህ፣ ማንም በማያይበት፣ ብትይዘው ምን ዋጋ አለው? ትናንት ስትለቀው ሰው እያየ ነበር። ይህን እያሰበች፣ እግሯ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ ሄዳ፣ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።

ያን እሑድ ካቴድራሉ እንደ ትንሣኤ ቀን ሞላ። ለጸሎት የመጣን ጥቂት ነበርን። ዶን ጋስፓሬ ልጃቸውን ክንዳቸው ላይ ይዘው በትልቁ በር ገቡ። ሜና መጥረጊያዋን ጥላ «ግቢ የኔ እመቤት፣ ግቢ» ብላ እጅ ነሣች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ከዓይነ ርግቧ ሥር ፈገግ አለችላት። ኦርሶላ ፊት ለፊት ባለው፣ የቤተሰባቸው ስም በተቀረጸበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሁሉም አከበራት። እያንዳንዱ ፈገግታ ግን እንደ ጥፊ አረፈባት፤ ምክንያቱም ክብሩን ማን በምን እንደ ገዛላት ታውቃለች።

ከኋላ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚቆሙበት በጠበሉ ገንዳ አጠገብ፣ ሳሮ ሲገባ ሳል የሚመስል ሳቅ ተነሣ። አንዱ «ለአባ ሳሮ ቦታ ልቀቁ» ሲል ተሰማ። ኦርሶላ ዞራ አላየችም። ቅዳሴው ሁሉ እንዴት እንዳለፈ አታውቅም። ከፊቷ ያለው ወርቃማ ጌታ ያያታል፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ታያለች።

አባ ሊቦሪዮ የሳምንቱን ማስታወቂያ ሊናገሩ ወደ ሕዝቡ ዞረው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ኦርሶላ ተነሣች።

«አሞሻል?» አሉ ዶና ኤርሲሊያ ቀሚሷን ይዘው።

«አላመመኝም እማዬ። ይልቀቁኝ።»

ወደ መካከለኛው መተላለፊያ ወጣች። ሙሽሮች በዚያ መተላለፊያ ከበሩ ወደ መሠዊያው ሲሄዱ ዕድሜ ልካችንን አይተናል። ከመሠዊያው ወደ በሩ፣ ብቻዋን፣ ቅዳሴ ሳያልቅ የሄደች ሴት አላየንም። ቤቱ ረጅም ነው። ጫማዋ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። በያንዳንዱ አግዳሚ ስታልፍ ራሶች ይዞራሉ። ዓሣ አጥማጆቹ የሚመጣባቸው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቁ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ሳሮ አጠገብ ቆመችና እጁን ያዘችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት በሹክሹክታ። «ልቀቂኝ፣ ሰው ያያል።»

«እንዲያይ ነው።»

ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ትናንት እዚህ በር ላይ የዚህን ሰው እጅ ይዤ ነበር። ሰው ሲያየኝ ለቀቅሁት። አፈርኩበት። እሱ ደግሞ የእኔ ስም እንዳይጠፋ ብሎ የራሱን ስም ሰጣችሁ፤ እናንተም ከትናንት ጀምሮ እየሳቃችሁበት ነው። የሚሳቅበት ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ የጠበሉን ገንዳ ይመረምር ጀመር።

«አባቴ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው። «አሁን እርስዎን የሚያስገድድዎት የለም። እኔንም ማንም አላስገደደኝም። የምፈልገው ይህን ሰው ነው። እንቢ ካሉኝ አልኮበልልም፤ ቤትዎ ተቀምጬ አረጃለሁ እንጂ ሌላ አላገባም። በየትኛው በር እንደምገባ ግድ የለኝም። ከእሱ ጋር ልግባ።»

ሳሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባ ሊቦሪዮ ማስታወቂያቸውን ረስተው ቆመዋል። ዶን ጋስፓሬ ከአግዳሚው ተነሡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ያን መተላለፊያ ሲመጡ ሁላችንም ጥፊውን ጠበቅን። ዶና ኤርሲሊያ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ዶን ጋስፓሬ ግን ልጃቸውን አልፈው ሳሮ ፊት ቆሙ።

«ትናንት ቢሮዬ ስትመጣ አቁሜ ነው ያናገርኩህ» አሉት። «ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ሆን ብዬ ነው ያቆምኩህ።» ውል ሲያነቡ የማይንቀጠቀጠው ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ጀልባ ላይ አድረህ እንደ መጣህ አላወቅሁም ብዬ ራሴን ሳጽናና አደርኩ። ባላውቅስ? አፍሬያለሁ ልጄ።»

«ግድ የለም ዶን ጋስፓሬ» አለ ሳሮ። «እኔ መቆም ለምጃለሁ።»

ይህን ያለው ሊወጋቸው አልነበረም፤ ሊያጽናናቸው ነው። ዶን ጋስፓሬ ግን እንደ ተወጋ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዛሬ ምሳ ቤቴ ና» አሉት። «እናትህንም ይዘህ ና።»

ሳሮ እስከ ጆሮው ቀላ። ከተማው ሁሉ ሲስቅበት ያልቀላው ልጅ አሁን ቀላ። «እኔ እኮ…» አለ፣ «በእናንተ ገበታ እንዴት እንደሚበላ አላውቅም። የትኛው ሹካ ለየትኛው እንደሆነ እንኳ… እንዳላሳፍርዎት ፈራሁ።»

«እኔም መጀመሪያ አማቴ ቤት ስገባ አላውቅም ነበር» አሉ ዶን ጋስፓሬ።

አማቴ የሚለውን ቃል ራሳቸው የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ከሴቶቹ መካከል የሳሮ እናት አጋታ «ወይ እመቤቴ!» ብላ ጮኸች። ሳሮ አልገባውም ነበር፤ ስለ ሹካው ሊያስረዳ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ከፈተው ቀረ። ኦርሶላ ግን ወዲያው ገባት። ግንባሯን ሳሮ ትከሻ ላይ ደፍታ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ ዝም በይ ያላት አልነበረም።